«አንተ» የምትለዋ ቃል

ለምንድን ነው ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ የምትጠፋው?

ሠረቀብርሃን ቅጂውን እንደገና አጫወተው። መዝሙሩ «አንተ ታውቀኛለህ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ግን «ታውቀኛለህ» ብቻ ነበር።

«ማን ነው የሚያውቀኝ? ጎረቤቴ?» አሉ ዘማሪዋ እትዬ ታደለች፣ አንገታቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ። «ልጄ፣ የታመመው የእኔ እንቅርት ነው ወይስ ያንተ ኮምፒዩተር?»

ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና አለባቸው። ሐኪሙ ስለ ድምፃቸው ቃል አልገባላቸውም። መዝሙሩ ዛሬ ካልተቀረፀ ምናልባት አይቀረፅም።

«ፊንላንድ የተማርከው ይሄንን አይደል እንዴ?» አለ የስቱዲዮው ባለቤት ሚልኬሳ።

«የተማርኩት ፈተና ለማለፍ ነው።»

ወደ እንጦጦ በሚያየው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ለማንም ክፍት የሆነውን የመቅረጫ ፕሮግራሙን ኮድ ማንበብ ቀጠለ። በመጨረሻ ገባው። ሚልኬሳ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ የዲስኩን ይዘት እንዳለ ያስቀምጣል። ዲስኩ በተቀመጠው ላይ አይደርብም፤ አዲሱን ድምፅ የሚጽፈው ሌላ ባዶ ቦታ ፈልጎ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ «ሳታስጠብቀኝ ጻፍልኝ» ይለዋል። ዲስኩ «አሁን አልችልም፣ እንደገና ሞክር» ብሎ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ግን መልሱን ሳይሰማ፣ የያዘውን ድምፅ ጥሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዲስኩ ባዶ ቦታውን አግኝቶ መጻፍ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ቃል ሄዳለች።

«ታዲያ ማስቀመጡን እንተወዋ!» አለ ሚልኬሳ።

«መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ጠዋት የቀረፅነውም አብሮ ይሄዳል።»

ሠረቀብርሃን እምቢ የተባለውን ድምፅ ፕሮግራሙ እንዳይጥለው አደረገ፤ መጠበቅ ለሚችል ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል እንዲያስረክብና መቅረፁን እንዲቀጥል። ሲጨርስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው፤ እኔ ብቻ አየሁት? ተሳስቼ ቢሆንስ? ብሎ አሰበ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይችላሉ?»

«አንድ ጊዜስ እችላለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳትለምነኝ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ዘመሩ። ድምፃቸው ከጠዋቱ ሻክሯል። ሠረቀብርሃን ቅጂውን ከፈተ።

«አንተ…»

«ይኸው! መጣልኝ!» ብለው እትዬ ታደለች አጨበጨቡ። ሚልኬሳ የጠዋቱንም አዲሱንም አስቀመጠ።

ሠረቀብርሃን ስህተቱንና ያስተካከለበትን መንገድ ጽፎ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ላከ።

«በቃ፣ ትክክል ነህ እስኪሉህ እዚሁ ልታድር ነው?» አለ ሚልኬሳ።

ሠረቀብርሃን ላፕቶፑን ዘጋና የእትዬ ታደለችን ቦርሳ አነሳ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?»

«አንድ ሰዓት። ምነው?»

«እኔ አደርስዎታለሁ።»

ለላከው መልእክት እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።