ከሥር ያልታየው ንድፍ

ሥራ አስኪያጁ በሩን እንኳ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ የድልድዩን ንድፍ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ሲላት የኮምፒውተር ባለሙያዋ ደሟ ፈላ። ሰው በማለዳ ምኑን ተማምኖ ነው የሰው ስም የሚያጎድፈው? እሱ ግን አላበቃም። ደንበኛው እኩለ ቀን ላይ ይመጣል፤ ንድፉ እስከዚያ ካልተገኘ የስንብት ደብዳቤዋን ትወስዳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው ውስጥ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ንድፎቹ ግን የሚቀመጡት ምድር ቤት ባለው የጋራ ማከማቻ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር «ንድፎች» የሚባል የራሱ ባዶ ፎልደር አለው፤ የሰርቨሩ ፎልደር መጥቶ በዚያ ላይ ይያያዛል። የሙያው ሰዎች ማውንት ማድረግ ይሉታል። ትናንት ከሰዓት ባለሙያዋ የተበላሸ ግንኙነት አስተካከለች፤ ወዲያው ማስመሪያ የሚሏት ነዳፊ የድልድዩ ንድፍ፣ የሦስት ቀን ልፋቷ፣ ድራሹ ጠፋ ብላ ጮኸች።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አለች ባለሙያዋ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷን አስደነገጣት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ አጎቷም ያሉት ይህንኑ ነበርና።

አባቷ ሲሞት ያሳደጓት፣ ሙያውን ያስተማሯት፣ እዚህ ቢሮ ያስገቧት እሳቸው ነበሩ። የአንድ አዳራሽ ጣሪያ ንድፍ ጠፋ ተብለው ሲከሰሱ አንድ ሰዓት ለመኑ። ሥራ አስኪያጁ ግን ወደ እሷ ዞሮ አንቺስ ፈልገሻል ወይ አላት። አይቻለሁ፣ የለም አለች፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ፈረመች። በማግስቱ ወንበራቸው ለእሷ ተሰጠ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም።

ባለሙያዋ የማስመሪያ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠችና የሰርቨሩን መዝገብ አየች። በሦስቱ ቀናት ከዚህ ኮምፒውተር አንድም ፋይል አልደረሰውም። እንግዲህ ንድፉ ከሰርቨሩ ሊጠፋ አይችልም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረበትም። ማስመሪያን ጠርታ፣ በእነዚያ ቀናት ፎልደሩ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ንድፍ ታይቷት እንደነበር ጠየቀቻት።

«ከአንድ አሮጌ ፋይል በቀር ባዶ ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የራሴን አስቀመጥኩ» አለች ማስመሪያ፣ ትከሻዋን ሰብቃ።

ባለሙያዋ ጥርሷን ነከሰች። አሥራ ሁለት ሰው የሚሠራበት ፎልደር ባዶ ሆኖ ሲገኝ አንድ ቃል አይተነፈስም? ሰርቨሩ ሳይያያዝ ሴትዮዋ በኮምፒውተሩ በራሱ ፎልደር ውስጥ ስታስቀምጥ ሰንብታለች፤ ግንኙነቱ ትናንት ሲመለስ የሰርቨሩ ፎልደር ወለል ላይ የወደቀ ወረቀትን ምንጣፍ እንደሚሸፍነው ላዩ ላይ ተነጠፈ። የሰርቨሩን ፎልደር ልታላቅቀው ብትሞክር እምቢ አለ፤ ማስመሪያ ከሱ አንድ ንድፍ ከፍታ ትታ ኖሯል። እየተቆጣች ዘጋችው፤ ደግማ አዘዘች፤ ተላቀቀ።

የድልድዩ ንድፍ ቁጭ ብሏል። ከሱ በታች ሌላ ፋይል ነበር፦ የአዳራሹ ጣሪያ። የተቀመጠውም አጎቷ በተባረሩበት ሳምንት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ፊቱ ፈካ፤ አላልኩሽም፣ ስትፈሪ ታገኚዋለሽ አላት። ሁለተኛውን ፋይል በጣቷ ስታሳየው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ አትቆስቁሺው አለ። ንዴቷ አንገቷ ድረስ ወጣ። አንድ ሰዓት የነፈጋቸው ይኸ ሰው ነው! ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ፊርማዋ ትዝ አላት። ስልኳን አውጥታ፣ እሱ ፊቷ እንደቆመ፣ ለአጎቷ ደወለች። የጣሪያው ንድፍ ተሸፍኖ መገኘቱን ነገረቻቸው።



«እዚያ እንዳለ ያኔም ገምቼ ነበር» አሉ አጎቷ። «አላቅቀሽ ከሥሩ እይ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ያን ቀን አይቻለሁ ያልሽው ምኑን ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዝጊ እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣታል። ፊቷን አዞረችበት።

«ወንበርዎን ነበር ያየሁት፣ አጎቴ» አለች።