የመምህሩ ሚስትና ባለሥዕሉ መጽሐፍ

ማንጠግቦሽ ከባሏ ባለሥዕል መጻሕፍት አንዱ እሱ በሚያስተምራት በቀነኒ ብብት ሥር ሆኖ ከግቢዋ ሲወጣ ስታይ የያዘችውን ወንፊት መሬት አስቀምጣ ቆመች። ባሏ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኝቶ ሲመለስ፣ "አዋስካት?" አለችው።

"ቤቷ ሄዳ እንድታጠናው ነው" አለ ፈንታ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ቀላል ግን አልነበረም። ባምባሲ ውስጥ መምህር ፈንታን የማያውቅ የለም፤ ከወሎ በሰፈራ የመጡትን ቤተሰቦች ልጆች ግማሹን ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሚኖረው ለድሮ ባለሥዕል የንባብ መጻሕፍቱ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ በተለወጠ ቁጥር ትምህርት ቤቶች አሮጌዎቹን የአንደኛ ክፍል መጻሕፍት ሲጥሉ፣ እሱ ከአሶሳም ከባምባሲም፣ አንዳንዴም ስኳር ሊጠቀለልባቸው ከተቀመጡበት ሱቅ እየለቀመ አመጣቸው። በብረት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣቸዋል። የልጅ ልጆቹ እንኳ ከሩቅ ነው የሚያዩዋቸው።

ከእሱ ሌላ የሚነካቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ማንጠግቦሽ። ጀርባቸው ሲላቀቅ ክሩን ሰም ቀብታ የምትሰፋቸው እሷ ናት። ስትሰፋ ደግሞ ሥዕሎቹን ታያለች። አንድ ቀንዱ የተፋቀ በሬ አለ፤ ጋሪ የሚገፋ ሽማግሌ አለ፤ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ዣንጥላ የያዘች ልጅ አለች። ይህችን ልጅ በሰፈራው ዓመት በመንገድ በሞተችው ታናሽ እህቷ ስም "አሰለፈች" ትላታለች። ፈንታ ቤት በሌለ ቀን ሳጥኑን ከፍታ አይታት ትመልሳታለች።

የማታውቀው ከሥዕሉ በታች የተጻፈውን ነው።

ይህን ከባሏ በቀር ያወቀ ሰው የለም። የመምህር ሚስት ማንበብ አትችልም ብሎ ማን ያስባል? ሰው ወረቀት ሲሰጣት "መነጽሬን አልያዝኩም፤ እስቲ አንተው አንብበው" ትላለች። ሲጋቡ ፈንታ "ከመስከረም ጀምሮ አስተምርሻለሁ" ብሏት ነበር። መስከረም ሲመጣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። በዓመቱ የእርሻው ሥራ ሆነ፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ተከተለ፤ ነገሩም እንደ ዋዛ ቀረ። አስተማሪ ነውና ራሱ ያስታውሰዋል ብላ ጠበቀች። ጠብቃ ጠብቃ አረጀች።

ቀነኒ ግን አልጠበቀችም። ከወለጋ የመጣች፣ ባል የሞተባት ወጣት ሴት ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ የማንጎ ጭማቂ ትሸጣለች። ማስታወቂያዋን የጻፈላት ሰው "ጭማቂ" ማለት ሲገባው "ጭቃማ" ብሎ ጻፈባት። ክረምቱን ሙሉ ሾፌሮቹ እየገቡ "አንድ ብርጭቆ ጭቃ" እያሉ ሲስቁ፣ እሷ ቀልዱ ሳይገባት አብራ ትስቅ ነበር። እውነቱን የነገራት መምህር ፈንታ ነው። በማግስቱ መጥታ "ያስተምሩኝ" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር ይወጣል። ፈንታ ጺሙን ይላጫል። ማንጠግቦሽ በርበሬዋን እየለቀመች በጓሮ በኩል ትሰማለች።

"ጎበዝ" ይላል ፈንታ። "በጣም ጎበዝ። አሁን ይቺን።"

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" ብሏታል፤ "ጎበዝ" ግን ብሏት አያውቅም። ቃሉን በሰማች ቁጥር በርበሬውን በኃይል ትቀነጥሳለች። ጎረቤቷ ጸሐይ በአጥር ላይ ብቅ ብላ "መምህር ልጅ ሆኑ እኮ" ስትላት ደግሞ ባሰባት። ሻይ ስታቀርብላቸው ለቀነኒ ስኳር ሳትጨምር ሰጠቻት። ቀነኒ አመስግና ጠጣችው።

አንድ ቀን ቀነኒ የቀይ ቀሚሷን ልጅ ሥዕል እያሳየች "ይሄ ልጅ ማነው፣ መምህር?" ስትል ሰማች፤ አማርኛዋ ሴቱን በወንድ ይጠራል።

"ማንም አይደለችም፤ ሥዕል ናት" አለ ፈንታ።

ማንጠግቦሽ የለቀመችውን በርበሬ ካልተለቀመው ጋር ደባለቀችው። መጽሐፉ ከግቢ የወጣው የዚያኑ ዕለት ነው።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ወረደች። ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ከቀነኒ በቀር ሰው አልነበረም።

"መጽሐፉን አምጪው" አለች ሳትቀመጥ።

ቀነኒ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። "መምህር ልከውዎት ነው፣ እትዬ?"

"እኔ ነኝ የመጣሁት። የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

"እሺ። አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝና ይውሰዱት። ነገ መምህር ይጠይቁኛል።" ገልጣ ከአንድ ሥዕል በታች ጣቷን አሳረፈች። ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ናት።

ማንጠግቦሽ "መነጽሬን" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ይህችን ሥዕል በጨለማም ብትሆን ታውቃታለች። "ዣንጥላ" አለች ቆፍጠን ብላ።

ቀነኒ ጎንበስ ብላ አየች። "እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን መምህር 'ዣ' ራሱ ላይ ሰረዝ አለው ብለውኛል። ይሄ የለውም።" ጣቷን እያንፏቀቀች ቀጠለች። "ዝ… ና… ብ።" ከዚያ ቀና ብላ የማንጠግቦሽን ፊት ስታይ ጣቷን ከገጹ ላይ አነሣች።

ማንጠግቦሽ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ ጠበቀች። ቀነኒ ግን ሄዳ የበሩን መጋረጃ ዝቅ አደረገችው፤ ተመልሳም አጠገቧ ተቀመጠች።

"በእኔ ላይ ከተማው ሁሉ ስቋል" አለች ቀስ ብላ። "እኔ በሰው ላይ አልስቅም።"

"እኔ እኮ ልጣላሽ ነበር የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ሻዩም ስኳር የለውም ነበር።"

ማንጠግቦሽ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባም መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ መጽሐፉን ወደ ቀነኒ ገፋ አደረገችና "እስቲ የትኛው ነው 'ዝ'?" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሾፌሮቹ ሳይመጡ፣ ወደ ጭማቂ ቤቱ መሄድ ጀመረች። ቀነኒ ትናንት ከፈንታ የተማረችውን ዛሬ ለእሷ ታስተምራለች። ፈንታ ሚስቱ ገበያ የምትሄድ ይመስለው ነበር። አንድ ጠዋት ጭማቂ ሊጠጣ ብቅ ቢል፣ ሚስቱ በመጽሐፉ ላይ አቀርቅራ፣ ተማሪው ቀነኒ ደግሞ ቆማ "አይደለም እትዬ፣ እንደገና" ስትል ደረሰ። ሳይገባ ተመለሰ።

እቤት ስትመጣ ጥላው ሥር ብቻውን ተቀምጧል።

"ከኔ ተደብቀሽ ከእሷ ትማሪያለሽ?"

"አንተ ቃል ገብተህልኝ ነበር።"

"ብታስታውሺኝ ኖሮ…"

"መጻሕፍትህን ስሰፋልህ የኖርኩት ምን ልልህ ይመስልሃል?"

ፈንታ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "አጥፍቻለሁ" አለ። ከዚያ ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ፣ "ደህና ታስተምራለች?" ሲል ጠየቀ።

"ትቆጣለች።"

"እኔ አልቆጣም።"

"እሱን ሰምቻለሁ። 'ጎበዝ' ስትላት ስሰማ ነው የከረምኩት።"

"ነገ ከኔ ጋር ተማሪ" አለ።

"ጠዋት ከቀነኒ ጋር ነኝ። ከሰዓት ሁለታችንንም አስተምረን።"

እንደዚያም ሆነ፤ ሦስተኛ ወንበር ወጣ። ቅናቷ ግን በአንድ ጀምበር አልሞተም። ቀነኒ ወጣት ናት፤ ዓይኗም ምላሷም ፈጣን ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሳ ሁለተኛውን በጀመረች ቀን ማንጠግቦሽ ገና "ጸ"ንና "ፀ"ን ለመለየት ትታገል ነበር። "እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት ከልቧ። ያን ዕለት ቀነኒ ከሄደች በኋላም ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ገጹን እየደጋገመች፣ ጣቷን እያንፏቀቀች አነበበች። ራት ዘገየ። ፈንታም ተነሥቶ ምድጃው ላይ እሳት አቀጣጠለ።