የራሔል ልጅ ስም

ትዕግስት ማክሰኞ ወለደች፤ ሐሙስ ሞተች። ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። በዓረብ አገር፣ ሲብ በምትባል ከተማ አንድ ክፍል ይጋሩ የነበሩት ውዴና እሷ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው እጇን የያዘችውም ውዴ ናት። ትዕግስት ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት። ነፍሷ ልትወጣ ስትል «ስሙን ቤንኦኒ በዪው» አለቻት።

ውዴ እንዲህ ያለ ስም ሰምታ አታውቅም። ሬሳው አገር የሚገባው ሰኞ ነው፤ ሕፃኑን ይዛ በዚያው አውሮፕላን የምትሄደው እሷ ናት። ሕፃኑ የሚጓዝበት ወረቀት ስም ይፈልጋል። ማሞን ጠየቀችው። ማሞ ሹፌር ነው፤ በልጅነቱ ድቁና ጀምሮ የተወ ሽማግሌ።

«ራሔል ናት ያወጣችው» አላት፣ መሪውን እንደያዘ። «መንገድ ላይ ምጥ ያዛት። ስትሞት ልጁን ቤንኦኒ አለችው፤ የኀዘኔ ልጅ ማለት ነው።»

«እድሜ ልኩን ይህን ተሸከመ፣ ጋሽ ማሞ?»

«የለም። አባቱ ያዕቆብ እንቢ አለ። ብንያም አለው፤ የቀኝ እጄ ልጅ። ኀዘኑን ያነሳለት አባቱ ነው።»

«እንግዲያው ቁሩም ውሰደኝ።»

የሕፃኑ አባት ሱራፌል ቁሩም ሰፈር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ሽርጡን ሳያወልቅ በጓሮ በር ወጣ።

«ሰማሁ» አለ ገና ሳትናገር። «ነፍስ ይማር።»

«ወንድ ነው። አሳድገው አላልኩህም። ስም አውጣለት፤ በስምህ ይጠራ።»

«አገር ቤት ሚስት እንዳለችኝ ታውቂያለሽ።»

«ትዕግስትስ ታውቅ ነበር?»

ወደ በሩ ዞረ። «ኻላስ፣ በቃ፤ አለቃዬ እየጠራኝ ነው።»

«አንድ ቃል እኮ ነው፣ አንተ ሰው!»

በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የሳህን ኳኳታ ተሰማ። ማሞ ፊቷን አይቶ ሞተሩን አስነሳ።

እዚያ አገር የሥራ ቀን በሆነው እሑድ ጠዋት ቆንስላው መስኮት ላይ ቆመች። ሕፃኑ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

«የልጁ ስም?» አለ ጸሐፊው።

ቤንኦኒ የሟች ቃል ነው፤ ማፍረሱ ከበዳት።

«ብንያም።»

«የአባት ስም?»

ከኋላዋ ማሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያዕቆብ» አለች።

«አባትየው የት ነው?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፤ የአምስት ቀኑንም ሕፃን አየ። ከዚያ ብዕሩን በመስኮቱ አሾልኮ ለማሞ ዘረጋ።

«እርስዎ ምስክር ነዎት?»

ማሞ በሐሰት ፈርሞ አያውቅም። ብዕሩን ተቀብሎ ፈረመ።