የመጀመሪያው ጭልፋ

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ቅድስት አይደለሁም። የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ወጥ ሠሪ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለሁለት መቶ ሰው የምስር ሾርባ ሠርቻለሁ። ሽንኩርት አቁላላለሁ፣ ምስር አጥባለሁ፣ ጨው እቀምሳለሁ፣ ከዚያ ወገቤን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ጸሎት ካለኝም ጋዙ መሀል ላይ እንዳያልቅብኝ ነው።

ቅድስት ያደረገችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ቤተሰቡ ሚጢ ይላታል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ሚጢ ናት። አገር ላገር እየዞረች፣ ገዳም እያደረች፣ ከመንገድ ተማርኩ የምትለውን ኢንተርኔት ላይ ትጽፋለች። ሰውም ይወድላታል። አምና ሦስት ወር በእግሯ ስትጓዝ ከርማ መጣችና አንድ ቀን ወጥ ቤቴ ቁጭ ብላ ስታየኝ ዋለች። በሳምንቱ ጽሑፉ ወጣ። «እህቴ ማንም ሳይቀምስ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለማይታየው እንግዳ ታስቀምጣለች» ይላል።

የማይታየው እንግዳ አለች፤ የሷ ነገር! እኔ የማስቀምጠው ናሙና ነው። ከየቀኑ ድስት አንድ ጭልፋ በንጹህ ብልቃጥ እቀዳለሁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ እለጥፍበታለሁ፣ ሁለት ቀን ፍሪጅ ይቆያል። ሰው ሆዱን ካመመው የጤና ተቆጣጣሪው መጥቶ ብልቃጡን ይወስድና ያስመረምረዋል። በምግቤ ካልሆነ የሚመሰክርልኝ እሱ ብልቃጥ ብቻ ነው። እንግዳም መልአክም አያውቀውም።

ባለፈው ማክሰኞ ሚጢ እንደገና መጣች። ባዕድ ሰው ወጥ ቤት መግባት ክልክል ነው፤ እኔው ራሴ አስገባኋት። የነገውን ምስር ላወጣ መጋዘን ገብቼ ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ እንግዳው መጣ» አለችኝ። «በር ላይ ያሉት ሽማግሌው ዘበኛ ምሳ አልቋጠሩም ነበር። ሾርባውን ሰጠኋቸው።»

ከድስቱ የቀዳች መስሎኝ ጎሽ አልኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጎሽ ነው ያልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ከማሸጊያ ክፍል አሥራ አንድ ሰው ሆዱን ይዞ ክሊኒክ ገባ። ወዲያው ተቆጣጣሪው መጣና ናሙና ጠየቀ። በልበ ሙሉነት ፍሪጁን ከፈትኩ፤ የማክሰኞው የለም። ብልቃጡ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ያብረቀርቃል። ሚጢ ናሙናውን ለዘበኛው ሰጥታ ብልቃጡን አጥባ ነው ያስቀመጠችው። ቆሽቴ አረረ።

ዘበኛው አባባ ጉዳዩን ሰምተው ሮጠው መጡ። «እኔ ነኝ የበላሁት፣ ይኸው ደህና ነኝ» አሉ።

«ታዲያ የእርስዎን ሆድ ላቦራቶሪ ልላከው?» አለ ተቆጣጣሪው። የታመሙት አንድ የውሃ በርሜል የሚጋሩ ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ነገርኩት። ሊሆን ይችላል አለ፤ ማስረጃ ግን የለሽም አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ እስኪወሰን ቤትሽ ቆዪ ብሎ ሸኘኝ። ሁለት ልጅ ያሳደግኩበት ምድጃ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሚጢ ብርቱካን አንጠልጥላ ቤቴ መጣች። አረፍ እንኳ ሳትል «እትዬ፣ ምናልባት ይሄ ነገር ሊያስተምረን የፈለገው» ብላ ጀመረች።

«አፍሽን ያዢ» አልኳት። «ሾርባ አያስተምርም። ወረቀት አምጪና ለተቆጣጣሪው ጻፊ። ሦስት መስመር ብቻ። ንፋስ፣ ፀሐይ፣ የእህቴ እጆች ምናምን የሚል እንዳላይ።»

የመጀመሪያው «በዚያች ጸጥ ባለች ቀትር» ብሎ ጀመረ፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ውስጥ ነፍስ የሚል ቃል ነበር፤ እሱንም ቀደድኩት። የዓለሙን መንገድ ስትጽፍ የኖረች ሴትዮ ሦስት መስመር አቅቷት ላብ በላብ ሆነች። በሦስተኛው ተሳካላት። «ብልቃጡን ከፍሪጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እህቴን አላስፈቀድኩም። ናሙና መሆኑን አስቀድማ ነግራኝ ነበር።»

የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አነበብኳት።

«ይቺን ሰርዣት።»

«ለምን? እሷ እኮ ናት ሥራሽን የምታተርፍልሽ።»

«አልነገርኩሽማ።»

ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ዞሮ እኔው ላይ የወጣው። ጽሑፏን ሰባት ጊዜ አንብቤው ነበር። ስህተቱን ገና በመጀመሪያው አይቼዋለሁ፤ ደውዬ ናሙና ነው ብላት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ከማለት በቀር ስለ ሥራዬ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። እሷ እንደዚያ ስትጽፍልኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ማክሰኞ ደንብ ጥሼ ያስገባኋትም ሌላ እንድትጽፍልኝ ነበር።

ይህንን ስነግራት ማልቀስ ጀመረች። ማልቀሷም አናደደኝ፤ ቤቱ ውስጥ ማልቀስ የሚገባት እሷ አልነበረችም። ግን እስክሪብቶውን አንስታ መስመሩን ሰረዘች፤ ወረቀቱንም ራሷ ወስዳ ሰጠች።

ሰኞ ተወሰነብኝ። ባዕድ ሰው ስላስገባሁና ስላላስጠነቀቅኩ ከምድጃው ተነስቼ ሳህን አጣቢ ሆንኩ። ሚጢ ጽሑፉን ከገጿ አነሳች፤ የተባዛውን ግን ማን ሊሰበስበው።

በእኔ ቦታ አንድ ጎረምሳ ወጥ ሠሪ አመጡ። ትናንት የመጀመሪያውን ድስት አወረደና በቀጥታ ወደ ሳህን ሊቀዳ ጭልፋውን አነሳ። እጄ ሳሙና እንደሆነ ሄጄ ቀማሁት። እጄን ታጥቤ ንጹህ ብልቃጥ ሞላሁ፣ ቀንና ሰዓት ጻፍኩ፣ ከደንኩት።

ልጁ ፈገግ አለ። «አውቄዋለሁ፣ ለማይታየው እንግዳ ነው አይደል? እናቴ አንብባልኝ በጣም ነው የወደድኩት።»

እሱም ዓይኑ በርቶ ያየኛል፤ ልክ እንደ ሚጢ።

«ናሙና ነው» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ናሙና።»