የሦስተኛው ቤዝ ምልክት

እኔ ደርበው በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት ሰመር እንደቀናሁት የቀና ወንድ ከአዳም ወዲህ አልተፈጠረም። ሌላው ሲቀና ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔ ስቀና የሰፈራችን የካልጋሪው ኤሪን ውድስ ሰማይ ይጠቁራል።

ሚስቴ ዶክተር ፀሐይነሽ ናት። ቴምፕል ሰፈር ያለው ክሊኒኳ ገብቶ ያልታከመ ሐበሻ ካለ፣ ገና ከኤርፖርት አልወጣም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጉሮሮ ስታይ ትውልና ቤት ስትገባ የእኔን ደም ግፊት ትለካለች፣ የልጃችንን የሩሐማን የቤት ሥራ ታያለች፣ የሳምንቱን ወጥ ሠርታ ፍሪዘር ትከታለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን ጆሮዋ ሬዲዮው ላይ ነው። ቤዝቦል! ልጅ ሆና አስመራ፣ አባቷ ቃኘው ጣቢያ ወጥ ቤት ሲሠሩ፣ የአሜሪካኖቹን ጨዋታ አጥር ላይ ተንጠልጥላ እያየች ነው ያደገችው። ሳገባት ኳሱንም አብሬ ማግባቴን ማን ነገረኝ?

እሱን ችዬው ነበር። የሰፈሩ ልጆች ቡድን ኮች ስትሆንም ቻልኩ። ያልቻልኩት ኪራኮስን ነው።

ኪራኮስ ቴክሳስ ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ነው። ወንደላጤ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ይሆናል። የፀሐይነሽ ረዳት ሆኖ ሯጮቹ የሚረግጡት ሦስተኛው ማረፊያ፣ ሦስተኛው ቤዝ፣ አጠገብ ይቆማል። እሷ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ሆና ኮፍያዋን ትነካለች፤ እሱ ጆሮውን ይነካል። እሷ አፍንጫዋን፣ እሱ ደረቱን። አገር እያየ!

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት አንድ ቀን፣ ታክሲዬ ውስጥ።

«ምልክት ነዋ! ልጆቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በኪራኮስ በኩል እነግራቸዋለሁ።»

«አፍ የለሽም?»

«ጮክ ብዬ ስናገር ተጋጣሚውም ይሰማላ፣ ደርቤ!»

«እኔን በምልክት አነጋግረሽኝ አታውቂም።»

«አንተን በቃልስ ነግሬህ መች ሰማህ!»

ሩሐማ ከኋላ ወንበር ሳቀች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። «ዳዲ፣ ዩ አር ሶ ጄለስ!»

ከዚያ ወዲያ ያመለጠኝ ጨዋታ የለም። ታክሲዬን ሜዳው ጥግ ፓርክ አደርግና ምልክቶቹን አጠናለሁ። የካልጋሪ ታክሲ ነጂ ሁሉ አቋራጭ መንገድ የተማረው ከእኔ ነው፤ ይሄማ ምን ያቅተኛል? በሁለት ወር ውስጥ ሊቅ ሆንኩ። ኮፍያ፣ አፍንጫ፣ ቀበቶ ማለት፣ ተነሽና ወደሚቀጥለው ቤዝ ሩጪ ማለት ነው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአቢዴል ሰፈር ልጆች ጋር ገጠምን። ተመልካቹ አርባ ሺህ ይሆናል፤ ሩሐማ አርባ ወላጅ ነው ትላለች። በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው። አንድ ልጅ አውት ከሆነብን፣ ከተቃጠለ ማለት ነው፣ ጨዋታው ያልቃል። ሩሐማ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆማለች። ኪራኮስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። እኔ ከጀርባው ካለው አጥር ኋላ ነበርኩ። ቅናቱ አናቴ ላይ ወጣና ማንም ሳያየኝ ላሹፍበት ብዬ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ እንደሱ እየተቅለሰለስኩ፦ ኮፍያ፣ አፍንጫ፣ ቀበቶ!

ሩሐማ አየችኝ። ልጄ ናት፣ ታምነኛለች። ብድግ ብላ እንደ ጥይት ተወነጨፈች። ኳሷ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቀድማት ደረሰች። አውት። አለቀ።

«ማነው ሩጪ ያለሽ?» አለች ፀሐይነሽ፣ የልጅቷን የተላጠ ጉልበት በውሃ እያጠበች።

«ምልክት አየሁ» አለች ሩሐማ አቀርቅራ።

«ከየት?»

«ከሦስተኛው ቤዝ በኩል።»

ፀሐይነሽ ወደ ኪራኮስ ዞረች። «ሳልነግርህ?»

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ አልሰጠሁም። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።»

«ታዲያ ልጄ ዋሸች? ለቅዳሜው ጨዋታ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። እስከዛሬ ስለረዳኸን አመሰግናለሁ።»

 ኪራኮስ ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወደ መኪናው ሄደ። ከግንቦት ጀምሮ የተሳልኩት ስለት ሰመረ ማለት ነው! ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቀና ስል ግን ሩሐማ እያየችኝ ነው። አላሳጣችኝም፤ አላሳጣህምም አላለችም። በሽታውን አውቃው ታማሚው ራሱ እስኪናገር እንደምትጠብቅ ሐኪም ነው የምታየኝ። የእናቷ ዓይን!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አለች ፀሐይነሽ።

«ምልክቱን የሰጠሁት።»

«በፈጠረህ ደርቤ፣ ዛሬ እንኳ ተወን! ካልጋሪ የመጣውን የኦሎምፒክ ችቦ የተሸከምኩት እኔ ነኝ ትላለህ፤ ያን ጊዜ እኮ ቶሮንቶ ነበርክ!»

በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። «እንግዲያው እዪኝ» አልኩና ጀመርኩ። ኮፍያ፣ አፍንጫ፣ ቀበቶ፣ ሩጪ። ጆሮ ሁለቴ፣ ደረት፣ ካለሽበት አትነቃነቂ። ክርን፣ ጉልበት፣ ኳሱን በዱላው ነካ ብቻ አድርጊው። አሥራ ሰባቱንም ምልክቶች ዘለቅኳቸው፤ በዚህ ላይ አንድም አልጨመርኩ። ጓንታቸውን የሚሰበስቡት ልጆች ቆመው ቀሩ።

ፀሐይነሽ አልሳቀችም። «ለምንድን ነው ያጠናኸው?»

«ምን ምን እንደምትባባሉ ላውቅ።»

 ፀሐይነሽ ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ሮጠች፤ ለኪራኮስ። በሁለት እጇ ሰጥታው፣ ጎንበስ ቀና እያለች ይቅርታ ጠየቀችው። እያንዳንዷ ማጎንበስ ጉበቴ ላይ ነው የምታርፈው።

«ቅዳሜ ኪራኮስ ቦታው ላይ ይቆማል» አለችኝ ስትመለስ። «አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ። አሁን ሂድና አንተም ይቅርታ በለው።»

ሄድኩ። ይሰድበኛል ብዬ የመልስ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንድ ኩንታል።

«ጋሼ ደርበው» አለኝ እጄን ይዞ፣ «እውነት አሥራ ሰባቱንም ያውቋቸዋል? ልጆቹ እኮ ከስድስት በላይ አልያዙም። እባክዎ ያስጠኑልኝ።»

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ሰውዬው ጨዋ ሆኖ አረፈው። ሌላ ወንድ ቢሆን ቅናቱ እዚያው በለቀቀው፤ እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ጨዋነቱም ተጨምሮበት አንገበገበኝ።