ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ

ስሜነሽ ፊደል የቆጠረችው የመጨረሻ ልጇ ሃና ባሕር ዳር ሥራ ይዛ ከቤት ከወጣች በኋላ ነው። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት ከጎረቤቷ ከዋጋዬ ጋር ተመዘገቡ። ዋጋዬ በሁለተኛው ሳምንት ዓይኔ ፈሰሰ ብላ ቀረች። ስሜነሽ ግን ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ ሆነች፤ የሳሙናውን ካርቶን፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የባጃጁን የኋላ ጥቅስ ሳይቀር። አስተማሪዋ እህተማርያም ችኮላዋን አይታ «እትዬ ስሜነሽ፣ ቃሉን ሳይጨርሱ አይፍረዱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላታለች።

ከሁሉም ያስቸገራት ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ነው። የግድግዳ ጽሑፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይኼኛው እንደ ጥር በዓል ፈረስ ይጋልባል። አንዱን ፊደል ስትይዝ ሦስቱ ያመልጧታል። የክልሉ ጣቢያ ያን ሰሞን አንድ ጽሑፍ ማታ ማታ ይመላልስ ነበርና እሷም ስታሳድደው ሰነበተች። ባሏ ይሄነው የቀርከሃ ወንበር እያበጀ ምን እንደሚል ይጠይቃታል። እሱ ድሮ አራተኛ ክፍል ደርሷል፤ ዓይኑ ግን ከእጁ አልፎ አያይም፣ መነጽር ደግሞ የሽማግሌ ነው ብሎ እምቢ ብሏል።

አንድ ምሽት «ኤች» የሚለውን ያዘችው። ደስ አላት፤ ቃሉን ታውቀዋለቻ! ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አለ፣ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ አለ። ቀሪውን መጠበቅ አላስፈለጋትም።

«ስለ ኤች አይ ቪ ነው» አለች። «ተጠንቀቁ ነው የሚለው።»

እሳት ልትጭር መጥታ የነበረችው ዋጋዬ ከበሩ ላይ ሆና፣ «እኛንስ የሚያሰጋን ቁርጥማት ነው» አለች። ተሳሳቁና ተረሳ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ሲያልፍ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሐሙስ ዕለት ሃና ደወለች። እስከዚያ ድረስ በክልሉ ጣቢያ በአዊኛው ክፍል ሌሎች የሚያነቡትን ስትጽፍ ነበር የቆየችው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ግን ዜናውን ራሷ ታነባለች።

«እማዬ፣ አንቺ ካላየሽኝ ያነበብኩ አይመስለኝም» አለቻት።

ስሜነሽ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ አላወረደችውም። ሃና አንደኛ ክፍል የገባች ጊዜ የከተማ ልጆች በአዊኛዋ ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲያ ገበያ ሲሄዱ የእናቷን ነጠላ ጎተት አድርጋ «በአማርኛ አውሪኝ» ትል ነበር፣ አንገቷን ደፍታ። ያቺ ልጅ ናት አሁን በዚያው ቋንቋ አገር ፊት የምትቀርበው። ድምፅዋንማ በስልክም ይሰሟታል። ስሜነሽ ማየት የፈለገችው አንገቷን ነው፤ ቀና ትል እንደሆነ፣ ትደፋው እንደሆነ።

ዓርብ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስትከፍት የክልሉ ጣቢያ የለም። ሰማያዊ መስኮት፣ መሐሉ ላይ የፈረንጅ ፊደል። ሌሎቹ ጣቢያዎች ግን አሉ። ይሄነው ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገውና፣ ጥፋቱ የቁራ ነው፣ ዲሹ ላይ አርፎ አንጋዶታል ብሎ ፈረደ። መሰላል አቁሞ ወጣ። እሱ ከላይ «አሁንስ?» ይላል፤ እሷ ከታች «የለም» ትላለች። ከቀትር በፊት የቀሩትም ጣቢያዎች ጠፉ። ሲወርድ ዓይኗን ሳያይ መጋዙን ይዞ ወደ ቀርከሃው ሄደ።

ቅዳሜ ማልዳ ባጃጅ ይዛ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ዲሽ ሠሪ ቢሻው ዘንድ ወረደች። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ተራዋ ሲደርስ ስለ ቁራው ልትነግረው ጀመረች።

«ቁራውን ይተዉት፣ እትዬ። ከተማችን ቆሰበር በሙሉ እንደ እርስዎ ነው። ጣቢያው ወደ ኤችዲ ዞሯል። አሮጌ ሪሲቨር ከእንግዲህ አይስበውም። ከሥር ወር ሙሉ ሲጻፍ አላነበቡትም?»

«ኤች... ምን?»

«ኤች ዲ። ጥራት ያለው ሥዕል ማለት ነው።»

ስሜነሽ ፊቷ ጋለ። ስለ ኤች አይ ቪ ነው ብላ ለሰፈሩ እንደተረጎመችው ስትነግረው ቢሻው መፍቻውን አስቀምጦ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። ከኋላ አንዱ፣ እናታችን ጥንቃቄ አይከፋም አላት። ሳቁ ሲበርድለት ቢሻው እውነቱን ነገራት፤ አዲሱ ሪሲቨር አልቆበታል፣ ሰኞ ነው የሚመጣለት፣ ቤቷ ሄዶ ዲሹን የሚያዞረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ ምን ያደርግላታል? ወጥታ በአስፋልቱ ዳር ዳር ሄደች። ዘመድ ቤት ብትገባም ያው ሰማያዊ መስኮት ነው። ሃና አንብባ ስትጨርስ ስልክ ትደውላለች፤ እንዴት ነበርኩ ትላለች። ምን ይመለስላታል? አላየሁሽም? ቢሻው እንዳለው ወር ሙሉ ዓይኗ ሥር ሲያልፍ ነው የከረመው። እስከ መጨረሻው ብታነበው ኖሮ ሪሲቨሩ በጊዜ ይገዛ ነበር።

እንዲህ ራሷን እየወቀሰች ስትሄድ አንድ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አየች። እግሯ ቆመ። ይኼ አይጋልብም። «የዛሬ ኳስ» ይላል። ቀጥሎ «በኤች» ይላል። አሁንስ አትሸወድም፤ ጣቷን እያስከተለች ቀጠለች። «በኤችዲ።»

ሁለተኛ አነበበችው። ያው ነው።

ኳስ ማሳያ ቤት ነው፤ ሴት የማይገባበት፣ ወጣቶች እየተጯጯሁ የሚውሉበት። ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ባለቤቱ ባንተአምላክ ወንበር እየደረደረ ነበር፤ ሰው የምትፈልግ መስሎት ማንን ልጥራልዎ አላት። የክልሉ ጣቢያ በአዲሱ ይገባልህ እንደሆነ ንገረኝ አለችው። አዎ፣ ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያስገባው። ጉዳይዋን አስረዳችው። ኳሱ በዘጠኝ ተኩል ስለሚጀምር እስከዚያ ሊያሳያት ይችላል፤ ልጆቹ ከተንጫጩ ግን እኔ የለሁበትም አላት።

ተንጫጩ እንጂ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ቤቱ ሞላ። ስሜነሽ ከቤት ጠርታ ያመጣችው ይሄነው አብሯት ፊት ለፊት፣ ዋጋዬም ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ዜና ሲከፈት ከኋላ ፉጨት ተነሣ።

«እማዬ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለ አንዱ።

«የልጄ» አለች ስሜነሽ ዞር ብላ። «አሁን ትወጣለች። በአዊኛ ነው የምታነበው።»

ፉጨቱ ቀነሰ። ከመካከላቸው ግማሹ እቤቱ የሚያወራበት፣ ደጅ ሲወጣ ኪሱ የሚከተው ቋንቋ ነው።

ሃና ወጣች። ሥዕሉ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ስሜነሽ መጀመሪያ ያየችው ልጇ አለመክሳቷን ነው፤ ቀጥሎ አንገቷን አየች። ቀና ብሏል። የእናቷን የሰላምታ ቃል፣ ያንኑ የገጠሩን፣ ሳታሳጥር ሳታሽሞነሙን አለችው። ከኋላ አንድ ልጅ ሳያስበው አጸፋውን በአዊኛ መለሰ፤ ጓደኞቹ ሳቁ፣ ሳቁ ግን የዱሮው ዓይነት አልነበረም። ይሄነው ዓይኑን አጥብቦ፣ ሃና ናት ወይስ ሌላ ናት እያለ ዋጋዬን ይጠይቃል። ዋጋዬም ነገ መነጽር ካልገዛህ ሃና መሆኗን አልነግርህም አለችው።

ከሥር ጽሑፍ መጣ። ይኼኛው ቆሞ ነው የመጣው። ስሜነሽ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ሃና ይሄነው።

ዜናው አልቆ ኳሱ ሲጀመር ወደ ደጅ ወጡ። ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ አየሽኝ?» ሃና ገና ትንፋሿ አልተሰበሰበም። «እንዴት ነበርኩ?»

ስሜነሽ ያሰበችው ብዙ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ። «የሸሚዝሽ የላይኛው ቁልፍ፣ ጥቁር ክር አልቆብኝ በአረንጓዴ የሰፋሁልሽ፣ ላልቷል። ሳይወድቅ አጥብቂው።»

የሃና ሳቅ መጣ። «ክሩ ሁሉ ይታያል እንዴ?»

«ታዲያስ» አለች ስሜነሽ፣ ዋጋዬም ይሄነውም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በኤችዲ ነው ያየሁሽ።»