ባዶ ይቅር ያልኩት መስመር

የልጅ ልጄ ናጊሳ የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ጭና የመጣች ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ ጉልበቴ የሚጠይቀኝ ሞልቷል፣ ስለ ሙታኖቼ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሟች ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የኖረበትን ቤት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደኖረበት የሚሞሉበት መስመር አለው። ቤቱ ሲጻፍ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ ትወጣለች። የባለቤቴን የኩኒዮን ወገኖች ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ጨረስን፤ በጦርነቱ የተቃጠለው ቤት እንኳ አልቀረም። ከዚያ እናቴ ጋ ደረስን።

"እዚህ ጋ ባዶ ይቅር" አልኳት።

"ለምን እማማ? ዛፍ ላይ ነው እንዴ የኖሩት?"

"ባዶ ይቅር አልኩሽ እኮ።"

ሳቀችና ትንሿን ጣቷን ዘረጋችልኝ። እንደ ሕፃንነቷ ጣት ለጣት ተቆላልፈን ቃል ገባችልኝ።

ምክንያቱን አልነገርኳትም። የተወለድኩት ከወንዙ ማዶ፣ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነው። ስሙን እዚህም አልጽፈውም። በእኛ ጊዜ ያንን ስም የሰማ የጋብቻ አማላጅ ሻዩን ሳይጨርስ ጫማውን ይፈልግ ነበር። ኩኒዮ አውቆ ነው ያገባኝ፤ የትውልድ ሰፈር የሚጻፍበትን የማዘጋጃ ቤት የቤተሰብ መዝገባችንንም ወደ እሱ አድራሻ አዛወርነው። ታናሽ እህቴ ቶሚኤ ግን ለባሏም አልተናገረች። የኮቤ ከተማ ልጅ ነኝ ብላ አርባ ስምንት ዓመት ኖረች። እናታችን ልትሞት ስትል አልጋዋ አጠገብ እጅ ለእጅ ተያይዘን ለማንም ላንናገር ምለናል። ኩኒዮ ከሞተ ወዲህ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

ናጊሳ እኔን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችው ማዘጋጃ ቤቱን ነው። የልጅ ልጅ የአያቶቹን የድሮ መዝገብ ግልባጭ በፖስታ ማስመጣት ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅድለታል። እኔ ሞኟ መዝገቡን ስናዛውር አሮጌው ገጽ የሚጣል ይመስለኝ ነበር። ለካ ተሰርዞም ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቶሚኤ ስትደውል ነው። ነሐሴ ነበር፣ ለሙታን በዓል የሚሰቀለውን ፋኖስ አቧራ እያራገፍኩ። ናጊሳ የሞላችውን ሁሉ ለዘመድ ከፍታው ኖሯል፤ የቶሚኤ ልጅ ቁርስ ላይ ስልኩ ውስጥ ያለችውን ቀይ ነጥብ እያሳየ፣ ከኮቤ አይደለሽም እንዴ ብሎ ጠየቃት። ባሏ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገራትም።

"እትዬ፣ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን" አለችኝ። "እኔ አልተናገርኩም።"

ስለ ፖስታው፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ላስረዳት ሞከርኩ። ታዲያ ልጅቷ የሚፈለግ ነገር እንዳለ በምን አወቀች አለችኝ። ባዶ ይቅር ብያት ነበር ልል ስል አፌ ላይ ቀረ። ጣቴን ቀስሬ የጠቆምኳት እኔው ነኛ። ስልኩ ተዘጋ።

ናጊሳ ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ይዛ መጥታ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፋች። ለክፋት አይደለም አለች፤ ቅድመ አያቷ ብቻቸውን ያለ ቤት መቅረታቸው ከንክኗት ነው። ዛሬ ደግሞ ማንም ግድ የለውም አለች።

"እኔ አላፍርበትም እማማ።"

"አንቺ እንዳታፍሪ ነው እኛ ስናፍር የኖርነው። ጣትሽን ሰጥተሽኝ አልነበር?"

ነጥቧን እዚያው ፊቴ አጠፋችው፤ ምን ይሆናል። የቶሚኤ ልጅ ከፕሮግራሙ ወጥቷል፣ ስልክም አያነሳላትም። ኅዳር ሲገባ እህቴ ከጣሪያው ጥግ አንጠልጥላ እያደረቀች የምትልክልኝ ካኪ የሚባለው ጣፋጭ ፍሬም ዘንድሮ አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ናጊሳ እንደገና መጣች። ቶሚኤ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ፣ አድራሻቸውን ይስጡኝ ብላ ለመነችኝ። እንባዋ የእውነት ነው፣ አሳድጌያታለሁ፣ አውቀዋለሁ። ስልኳን ግን ከፍታ ይዛለች፤ ጣቷ ልትጽፍ ተዘጋጅታለች።

የቶሚኤን ቤት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መንገዱን፣ ቁጥሩን፣ ፎቁን። ከነሐሴ ወዲህ በዚያ አድራሻ ሰባት ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ መልስ የለም።

"አርጅቻለሁ ልጄ" አልኳት። "ረሳሁት።"